በር የዘጋ እጅ

ፔናንግ፣ ከሁለተኛው ወር በሃያ ስምንተኛው ቀን

ይድረስ ለመምህሬ ለጋን ቴክ፣ ዮንግቹን።

ከባሕር ማዶ ሆኜ ሦስት ጊዜ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሰግጃለሁ። ጉልበትዎ በብርዱ ወራት እንዴት ከረመ? ባለፈው ደብዳቤዎ «እጅህን ምን እያሠራኸው ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ሳልመልስ መቅረቴን ይቅር ይበሉኝ። ቀን ወደቡ ላይ የሩዝ ጆንያ እሸከማለሁ፤ ሲመሽ ደግሞ የተሸካሚዎቹን ወለምታ አሻለሁ። እነሱ «ወጌሻው» ይሉኛል። ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

ከዘጠኝ ቀን በፊት የምሕረቷ አምላክ የጓንዪን በዓል ነበር። ጎረምሶች ረጃጅም የሰንደቅ ምሰሶ ግንባራቸው ላይ አቁመው በየመንገዱ ይዞራሉ። ከእነሱ አንዱ ኦንግ ሊያት የሚባል ባለ ታንኳ ነው፤ የእሱ ጎሣና የእኛ ወደቦች ጎን ለጎን ናቸው፣ ሰላምታችንም ስድብ ነው። ያን ቀን በሰው ሁሉ ፊት «የዮንግቹን ሰዎች በጣት ነው አሉ የምትዋጉት፤ በል ጣትህን አፍንጫህ ውስጥ መልሳት፣ እዚያ ሥራ አታጣም» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም በሁለት ጣቴ ከግራ ጎኑ ሥር መታሁት። ቀትር፣ የፈረስ ሰዓት ነበር፤ ደሙ የጎን በር በምንለው የገላ ነጥብ የሚያልፍበት፣ በሩም ተዘግቶ ካልተከፈተ የሚገድል። እሱ ግን «የሚያሳክከኝን ቦታ አገኘህልኝ» ብሎ ሳቀ፣ ሰዉም አብሮት ሳቀ።

የቤታችን ሕግ ያስተማሩኝ ነው፦ በር የዘጋ እጅ ቀኑን ይናገር፣ በር የዘጋ እጅ ራሱ ይክፈት፤ የደበቀ ነፍሰ ገዳይ ነው። ስለዚህ «መቶ ቀን አለህ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ምግብ ተወ። አሁን ከአልጋው አይነሳም፣ ጎኑን ይዞ ይተነፍሳል።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ከአምስት ዓመት በፊት እርስዎ ቀትር ላይ ሲያሸልቡ የበሮቹን መጽሐፍ ገልብጫለሁ። ከዚያ በኀፍረቴ ሳልሰናበትዎ በመርከብ ሄድኩ። አሁን ያንኑ ቅጂ ዘርግቼ የጎን በር በሚለው ገጽ መሠረት በየቀኑ አመሻሽ ላይ፣ በአውራ ዶሮ ሰዓት፣ ከትከሻው ኋላ እጫነዋለሁ፣ መድኃኒቱንም አጠጣዋለሁ። ለውጥ የለም። በግልበጣ ተሳስቼ ይሆን? አንድ ቃል ይጻፉልኝ። መቶኛው ቀን የስድስተኛው ወር መባቻ ነው። ይህ ልጅ ከሞተ እኔም ከዚህ ወደብ ወዴት እንደምሄድ አውቀዋለሁ፤ ይህን ለማስፈራራት ብዬ አልጻፍኩም።

ያልታዘዘው ተማሪዎ፣ ሊም ኬ ሁዋት


ዮንግቹን፣ ከሦስተኛው ወር በዐሥራ ስድስተኛው ቀን

ለኬ ሁዋት።

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰ። አባባ ፊት ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁሉንም አነበብኩለት። ብሩሹን የያዝኩት እኔ ሱ ጊም ነኝ፤ አባባ መጻፍ ትቷል። ስለ ጉልበቱ ጠይቀሃል፤ አሁን አያመውም። ፊቱን ወደ ወንዙ አድርጎ ይተኛል። ቦታውን የመረጠው ራሱ ነው።

ስለ መጽሐፉ ደግሞ፦ ቀትር ላይ አባባ ሲያሸልብ ቀለሙን ማን በጥብጦ የተወልህ ይመስልሃል? ብሩሹስ በየቀኑ ታጥቦ የሚጠብቅህ በአስማት ነበር? እንድትገለብጥ ፈልጎ ነበር እኮ። እንድትሰናበተው ደግሞ የበለጠ ይፈልግ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ንዴቴም በዚያው ይውጣልኝ።

የቤታችን መጽሐፍ ውሸት አለበት። የአባባ አባትም፣ የእሱም አባት፣ ሲገለብጡ አንዳንዱን ገጽ ሆን ብለው ያበላሹታል። ሰዓቱን ያዛውራሉ፣ ቀኙን ግራ ያደርጋሉ፣ ሌባ ቢወስደው እንዳይጠቅመው። የትኛው ገጽ እንደተበላሸ የሚነገረው በአፍ ነው፣ ተማሪው ለስንብት በሰገደበት ቀን፣ ጆሮው ላይ። አንተ ሳትሰግድ ሄድክ። እኔ ደግሞ ሴት ልጅ ነኝ፤ አግብታ ምስጢሩን ለባሏ ቤት ታወርሳለች ተብሎ አልተነገረኝም። ባሌ ሞቶ ወደዚህ ቤት ከተመለስኩ ወዲህም የነገረኝ የለም። ስለዚህ የጎን በር ገጽ እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም።

እስካጣራልህ እጅህን ከልጁ ላይ አንሳ። የተበላሸ ገጽ ከሆነ በየቀኑ የምትጫነው አንተ ነህ እየገደልከው ያለኸው። መድኃኒቱንም ተው።

አንድ ነገር መልስልኝ። «መቶ ቀን» ስትለው ጆሮው ላይ ነበር ወይስ ጮክ ብለህ?

ሱ ጊም


ፔናንግ፣ ከአራተኛው ወር በአራተኛው ቀን

ለእትዬ ሱ ጊም።

ደብዳቤሽ ከሦስት ቀን በፊት ደረሰኝ፤ እንዳልሽው ያንኑ ዕለት እጄን አነሳሁ።

ጮክ ብዬ ነው። በጆሮው ልነግረው እችል ነበር፣ ሕጉም አፍ ለአፍ ንገረው ነው የሚለው እንጂ ጩህ አይልም። ግን ሰዉ ሲስቅብኝ ደሜ ፈላ። በሰፈሩ ያሉት ሦስቱም ወደብ እንዲሰማ ነው የተናገርኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ አሁን ዓሣ ሻጮቹ ሳይቀሩ ቀኑን ይቆጥራሉ። «ወጌሻው፣ ዛሬ ስንት ቀረው?» ይሉኛል።

ስለ ሊያት ትንሽ ልንገርሽ። እሱ ካልታወቀሽ ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ አይገባሽም። ቤቱ ባሕሩ ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆመ ነው፣ ማዕበል ሲመጣ አልጋው ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያ ቀን ስገባ እናቱ መጥረጊያ ይዛ ጠበቀችኝ። እሱ ግን ከተኛበት «ተይው እማ፣ ገዳዬ ነው፣ ሥራውን ይጨርስ» አላት። ከዚያ ወዲያ ስሜ ያው ሆነ። «ገዳዬ፣ ና ብላ።» «ገዳዬ፣ መስኮቱን ክፈትልኝ።» እናቱም እያኮረፈች የሩዝ ሙቅና ጨው የገባ ዓሣ ታቀርብልኛለች። እሱ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ሳህኑን ወደ እኔ ይገፋዋል።

እጄን ያነሳሁ ዕለት ሊያት የአውራ ዶሮ ሰዓት ሲደርስ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጠኝ። እኔ ግን ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ቆይቶ ዞረና ጣቶቼን አያቸው። «ተስፋ ቆረጥክ አይደል?» አለኝ። አይ፣ ከመምህሬ ቃል እየጠበቅኩ ነው አልኩት። «ጥሩ ነው፣ ጠብቅ» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ወዲህ ገዳዬ ብሎ አይጠራኝም፣ እትዬ። ያ ስድብ ናፈቀኝ። ዛሬ ጠዋት የሰንደቅ ምሰሶውን ለአጎቱ ልጅ ሰጠ። እናቱ በር ላይ ይዛኝ ወጣችና ለሬሳ ሣጥን እንጨት አሁን ልዘዝ ወይስ ልቆይ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

አርባ አራተኛ ቀን ላይ ነን። መምህር ለምን አይናገሩም? ደብዳቤዬን ሰምተዋል ብለሻል። ተቆጥተውብኝ እንደሆነ እኔን ይቅጡኝ፣ አካለ ስንኩል ያድርጉኝ። ለዚህ ልጅ ግን አንድ ቃል ይስጡት። እግራቸው ሥር ወድቀሽ ለምኝልኝ።

ኬ ሁዋት


ዮንግቹን፣ ከአራተኛው ወር በሃያ አምስተኛው ቀን

ለኬ ሁዋት።

እጅህን አንሳ ያልኩህ እኔ ነኝ። ልጁ ወደ ግድግዳው የዞረው በእኔ ምክር ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል፤ ይቅርታ ብሎ መጻፍም ቀለም ማባከን ነው።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ወደ ሽማግሌው ቲው ሄድኩ፣ በእግር አንድ ቀን ሙሉ ነው። አባባ በጎረምሳነቱ በጠብ የጎን በር ዘግቶበት፣ ቀን ተናግሮበት፣ ኋላም ራሱ የከፈተለት ሰው እሱ ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ዛሬም የሻይ ቅጠል ቅርጫት ተሸክሞ ኮረብታ ይወጣል። አንድ ምሽት አስወራሁት። እንደተመለስኩ ቀጥታ አባባ ዘንድ ሄጄ ተንበረከክሁ፣ እንዳልከኝ ለመንኩልህ።

ቃሉ ከዚህ ጋር ነው። እኔ ጻፍኩት፣ ማኅተሙ ግን የእሱ ነው፤ ቀዩን ተመልከት። ለልጁና ለእናቱ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላቸው።

ሱ ጊም

*

ለኬ ሁዋት፣ ከመምህርህ።

የጎን በር ገጽ የተበላሸ ነው። ሰዓቱ የአውራ ዶሮ አይደለም፣ ጠዋት የዘንዶ ሰዓት ነው። ከትከሻ ኋላ የሚባልም ነገር የለም። መክፈቻው የግራ እጁ መዳፍ መካከል ነው። ውኃ እስኪፈላ ድረስ መዳፉን በመዳፍህ ይዘህ ተጫን፣ እናቱ በቀኙ ትቀመጥ። ስትጨርስ ከእሱ ጋር ከአንድ ሳህን የሩዝ ሙቅ ብላ። እሱ ካልጎረሰ አንተም አትጉረስ። ይህን ሰባት ጠዋት አድርግ።

በሰባተኛው ጠዋት በር ላይ ቆመህ «ተከፈተ» በል። ቀኑን ስትናገር በጮህክበት ድምፅ ጩህ፤ ያኔ የሰሙህ ሁሉ ይስሙህ። ከዚያ ሰንደቁን መልሰው ይስጡት።

ሳትሰናበተኝ ሄደሃል። ይህን ስትጨርስ ተሰናብተኸኛል።

ጋን ቴክ


ፔናንግ፣ ከስድስተኛው ወር በሦስተኛው ቀን

ለእትዬ ሱ ጊም።

ሊያት በሕይወት አለ። ሌላው ወሬ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ደብዳቤሽ በሰማንያ ሦስተኛው ቀን ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ማንኪያ ጎረሰ፤ እኔም ሁለት ብቻ። በሁለተኛው ቀን እናቱ «ይኼ ወጌሻ በልጄ ሰበብ በረሃብ ሊሞት ነው» አለች፣ እሱም ከንፈሩ ሳቅ አለ። በአራተኛው ቀን ሳህኑን ጨረስን። በሰባተኛው በር ላይ ቆሜ ጮህኩ፣ ሦስቱም ወደብ ሰማ። ጎኑን ዳስሶ «ሞኝ፣ አሁን ደግሞ ያሳክከኛል» አለኝ። መቶኛው ቀን ከትናንት በስቲያ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ሰው የወደቡ ጣውላ ላይ ተሰብስቦ ሲጠብቅ ሊያት ሰንደቁን ግንባሩ ላይ አቁሞ ወጣ። ጉልበቱ ገና ስላልጠና ምሰሶው የዓሣ ሻጭዋን ጣሪያ ይዞት ወረደ። እሷ ስትራገም ሰዉ ከሳቁ ብዛት ሊወድቅ ደረሰ፣ እኔ ብቻ አለቀስኩ።

አሁን የኔና ያንቺን እናውራ።

ደብዳቤሽ ከመድረሱ ስምንት ቀን በፊት አንድ የአገራችን ሰው፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ከመርከብ ወርዶ እኛ ዘንድ አደረ። ሊላጨኝ ተቀመጥኩ። ምላጩን አንገቴ ላይ አድርጎ «የጋን ቴክ ተማሪ ነበርክ አሉ፤ ነፍሱን ይማር፣ በዐሥራ አንደኛው ወር ቀብሩ ላይ ነበርኩ» አለ። አልተንቀሳቀስኩም። ላጭቶኝ ሲጨርስ የመጀመሪያ ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ጉልበቱ አያመውም። ፊቱን ወደ ወንዙ አድርጎ ይተኛል። ያ ሁሉ ልመናዬ ለመቃብር ነበር፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ሁለት ቀን ሙሉ ተናደድኩብሽ። ስምሽን ለሰው ላለማንሳት ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ።

ከዚያ ያ ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተሙ ቀይ ሆኖ። አባቱን የቀበረ ቤት ቀይ ነገር እንደማይነካ እኔም አገሬን አልረሳሁም። አንቺ ግን አይተሽው ለማታውቂው ባለ ታንኳ ብለሽ በሐዘንሽ መሐል እጅሽን ቀይ ቀለም ውስጥ ነከርሽ። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። የመምህርን ቃል ማን እንደጻፈው እያወቅኩ ለሊያት አነበብኩለት። ሦስቴ አስደገመኝ። «መምህርህ ቁጡ ናቸው፣ ወደድኳቸው» አለ።

የሐዘን ክሩን በእጅጌዬ ሥር አስሬው ነበር፣ እንዳያየው። ትናንት ጆንያ አውርደን ስንታጠብ አየው።

«ማን ሞተብህ?» አለኝ።

«የከፈተልህ ሰው» አልኩት፤ መምህሬን ሁለተኛ ልክዳቸው አቃተኝ።

«መቼ?» አለ።

ቀኑን ዋሸሁት። በአምስተኛው ወር፣ ደብዳቤውን ከላኩ በኋላ አልኩት። ሊያት ጣውላው ላይ ቁጭ አለ። «የመጨረሻ ትንፋሻቸውን ለእኔ አወጡት» አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። አሁን ዘጠነኛው ወር ላይ መጥቼ መቃብራቸው ላይ ካልሰገድኩ ይላል። ላስቀረው ሞከርኩ፣ አይሆንም። «ካልሰገድኩ በሩ መልሶ ይዘጋብኛል» ነው የሚለው። እሱ ማንበብ አይችልም፤ አብሮት የሚመጣው የአጎቱ ልጅ ግን ይችላል። ድንጋዩ ላይ ዐሥራ አንደኛው ወር ተቀርጿል። ያን ካነበበ፣ በሩን የከፈተለት የሞተ ሰው መሆኑን ካወቀ፣ መቶውን ቀን እንደገና ከአንድ ብሎ መቁጠር ይጀምራል፤ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ አሳፋሪ ነገር ልለምንሽ። የመምህርን መቃብር አትረሚ። ሣሩ ይደግ።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ያ የመክፈቻ ቃል ከየት መጣ? እኔስ በዚያች በዓል ቀን በጣቴ ያደረግኩት ምን ነበር?

ኬ ሁዋት


ዮንግቹን፣ ከሰባተኛው ወር በሃያ ሁለተኛው ቀን

ለኬ ሁዋት።

አዎ፣ ዋሽቼሃለሁ። የመጀመሪያ ደብዳቤህ ሲመጣ አባባ ከሞተ አራት ወር ሆኖት ነበር። መቃብሩ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩለት፣ ያ እውነት ነው። መሞቱን ብጽፍልህ ያን ልጅ የሚከፍትለት ሰው በምድር ላይ እንደሌለ ነበር የምታነበው።

ሽማግሌው ቲው የነገረኝ ይኼ ነው። ቀኑ ከተነገረበት በኋላ እሱም እንደ ሊያት ወደ ግድግዳ ዞሮ ነበር። አባባ በየጠዋቱ እየመጣ ግራ መዳፉን ይዞ ይቀመጣል፣ ሙቁንም አብሮት ይበላል። አንድ ጠዋት ጮኾ «ተከፈተ» አለ፣ ቲውም ተነሳ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰክረው ሳለ ቲው «መዳፌ ላይ የከፈትከው የትኛውን በር ነበር?» ብሎ ጠየቀው። አባባም «የምን በር? ፈርቼ እጅህን ይዤ ነው እንጂ» አለው። እኔ ሰዓቱን ጨመርኩበት፣ እናቱን ጨመርኩበት፣ ሰባት ቀኑንም ከራሴ አመጣሁት። አባባ ቢሰማ ይስቅ ነበር ብዬ ነው የማስበው፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ጣትህ ምን እንዳደረገ አላውቅም። የጎን በር የሚባል ነገር ይኖር አይኖር አላውቅም፣ አባባ ራሱ ያውቅ ነበር ለማለትም አፌ አይደፍርም። አጥንት ሲሰብር ያየሁት ግን ምላስህን ነው። ከእንግዲህ ስትናደድ ጣትህን ያ ልጅ የነገረህ ቦታ፣ አፍንጫህ ውስጥ፣ አስቀምጠው።

መቃብሩ ላይ ሣሩ ጉልበቴ ደርሷል። ለሰባተኛው ወር ጽዳት አክስቶቼ ማጭድ ይዘው መጥተው ነበር። ጠንቋይ እስከ ዐሥረኛው ወር ብረት አይንካው ብሏል አልኳቸው። አላመኑኝም። ሰነፏ ጋለሞታ አባቷን አረም አስበላችው እያሉ ገበያ ለገበያ ያወሩኛል፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ሣሩ ብቻውን ስላላስተማመነኝ፣ ደብዳቤህ ባለፈው ወር እንደደረሰኝ ከድንጋዩ ሥር ዱባ ተክያለሁ። ሐረጉ ወሩን ሸፍኖታል፣ ቀኑ ላይ ሊደርስ አንድ ጣት ቀርቶታል። ስሙ ግን ከላይ ስለሆነ በደንብ ይታያል።

ይምጣ፣ ይስገድ። አንተም አብረኸው ና። ማጭዱን ደብቄዋለሁ፤ ልጁ ሰግዶ ሲሄድ አንተ ወደ ኋላ ቀርተህ ታርመዋለህ።

ሱ ጊም